ንግግረ ቁጥብ

«እናቴም እሺ ብላለች፣ እህቴም እሺ ብላለች» ሲል ሰማችው። ወንድሟ ነው። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ በስልክ ያወራል፤ እሷ ደግሞ ከመታጠቢያ ቤቱ ቀጭን በር ኋላ የጥርስ ብሩሹን አፏ ውስጥ እንደያዘች ቆማ ቀርታለች። «ቅር ያለው ሰው የለም፣ አታስብ። ከሰዓት በኋላ ዕቃህን ጭነህ ና፤ ክፍሉን ባዶ አድርጌ እጠብቅሃለሁ» አለና ሳቀ። ያኛው ሰውዬ ምን እንዳለው አይሰማም፤ ወንድሟ ግን «ኧረ እናቴማ ጸጥታ ስለሚስማማት ደስ ነው ያላት» ብሎ መለሰለት። የጥርስ ሳሙናው አረፋ በአገጯ ወርዶ ልብሷ ላይ ተንጠባጠበ። ውሃውን ከፍታ ተጉመጠመጠች፤ የነካውን በፎጣ ጥርግ አደረገች። በሰማችው ነገር ላይ መጀመሪያ ያደረገችው ይኼንኑ ነው።

የትኛው ክፍል እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ወንድሟ አፉን እየጠራረገ፣ የመንገድ ዳሩን ክፍል ለአንድ ፀጉር አስተካካይ ሊያከራየው እንዳሰበ፣ እናታቸው ከበስተኋላ ወዳለችው ዕቃ ቤት ብትዛወር እንደሚሻላት፣ እዚያ የመኪና ጩኸትም አቧራም እንደሌለ ነግሯቸው ነበር። የመለዋወጫ ሱቁ ገበያ ቀዝቅዞበታል፤ ኑሮውም እንደሚታወቀው ነው። ሚስቱ ሳህኖቹን እየደራረበች ነበር። እናታቸው ብርጭቆዋን ታያለች። እሷ፣ የቤቱ ታላቅ ልጅ፣ ከጠረጴዛው ልብስ የተመዘዘ ክር በጥፍሯ ትነቅላለች። እሺ ያለ ሰው አልነበረም። እምቢ ያለም አልነበረም። ወንድሟ ትንሽ ጠበቀና «እንግዲያው ተስማምተናል» ብሎ ውሃ እንዲቀዱለት ጠየቀ። ሰውየው ውሸታም አይደለም፤ ይህን መመስከር ይገባል። ሰው ዝም ባለበት ቦታ ሁሉ የራሱን ድምፅ የሚሞላ፣ ሲሞላው ደግሞ የሌላ ሰው ድምፅ የሰማ የሚመስለው ዓይነት ሰው ነው እንጂ። እንዲህ ያለ ሰው በየቤቱ አንድ አይጠፋም።

ለባብሳ ስትወጣ የመንገድ ዳሩ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። እናቷ እንደ ልማዷ ማልዳ ተነስታ መስኮቱ ሥር ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ ዓለሟ ይኼ መስኮት ነው። ማዶ የአውቶቡስ ፌርማታ አለ፣ ከፌርማታው ጎን ልብስ ሰፊዋ፣ ከልብስ ሰፊዋ ጎን ባትሪና መብራት የሚሸጥ ሰውዬ። የሁሉንም አረማመድ ታውቃለች፤ ማን እንደተጣላ፣ ማን ጫማ እንደቀየረ፣ የማን ልጅ ትምህርት ቤት እንዳረፈደ ትናገራለች። ትናገር ነበር ማለት ይሻላል። ድሮ ማታ ማታ ልጇ ከሥራ ስትገባ ያየችውን አንድ በአንድ ትተርክላት ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ ከባሏ ታርቃ ሁለቱ በአንድ ጃንጥላ ሲሄዱ፣ የባትሪው ሰውዬ ዝናብ ሲመጣ ዕቃውን ትቶ ባርኔጣውን ይዞ ሲሮጥ። ልጅቷ ጫማዋን እያወለቀች «እህ» ትላለች። «እህ» ብቻውን ወሬ አያቆምም፤ እያደር ግን ያቀጥነዋል። የእናትየው ወሬም ቀጥኖ ቀጥኖ «እንዴት ዋልሽ?» «ደህና» ላይ ቆሟል። ሁለቱም ይህን ሰላም ነው ብለው ተቀብለውታል።

«ደህና አደርሽ እማ?»

«ደህና።»

በሩ ላይ ቆመች። የምትጠይቀው ነገር ከባድ አልነበረም። አልጋሽን ሊያነሱት ነው፣ ታውቂያለሽ ወይ? ፈልገሻል ወይ? ይኼው ነው። እናቷ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ፌርማታው ላይ የሚጋፉትን ሰዎች ታያለች፤ የጠዋት ፀሐይ ግማሽ ፊቷን ይዟታል። ልጅቷ የቦርሳዋን ማንገቻ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። «ልሂድ እንግዲህ» አለች። «እሺ» አለች እናቷ ሳትዞር። የውጪውን በር ስትዘጋ ለራሷ ቃል ገባች፤ ቢሮ እንደደረሰች የግማሽ ቀን ፈቃድ ትጠይቃለች፣ ምሳ ሰዓት ላይ ትመለሳለች፣ ፀጉር አስተካካዩ ሳይመጣ በፊት ወንድሟን «አይሆንም» ትለዋለች። አንዲት ቃል ናት። ከአንድ ቃል በላይ ማውጣት ድሮም ልማዷ ስላልሆነ ነገሩ በልኳ የተሰፋ መሰላት።

አውቶቡሱ ውስጥ ሁለት ሴቶች ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወራሉ። አንደኛዋ፣ ሻጩ ዋጋውን ሲነግራት ከነማሳው ይሆን ብላ እንደጠየቀችው ስትናገር ዙሪያው ያለው ሰው ሳቀ። ሾፌሩም ሳቀ። እሷ ከንፈሯን ብቻ አነቃነቀች። አንድ ወፍራም ሰውዬ እግሯን ረገጣትና ይቅርታ ሊል ቀና አለ፤ ፊቷ ላይ ምንም ስላላየ ተወው። ልቧ ውስጥ ቁጣ ትፈልግ ነበር፤ በእንዲህ ያለ ቀን ሰው መቆጣት እንዳለበት ታውቃለች። ያገኘችው ግን በማደንዘዣ የደነዘዘ ድድ በምላስ ሲነካ የሚሰማውን ዓይነት ነገር ብቻ ነው። እዚያ ጋ አንድ ነገር አለ። ምን እንደሆነ አይታወቅም።

የምትሠራው መዝገበ ቃላት ዝግጅት ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ከፎቁ ሁሉ በላይ ነው፤ መስኮቶቹ በቀለም ተጣብቀው አይከፈቱም፤ የረጅሙ ጠረጴዛ አንዱ እግር አጭር ስለሆነ የታጠፈ ካርቶን ተደርጎለታል። እዚህ ቤት ሥራ የሚሠራበት አንድ ወግ አለ። ቃሉን ያሰናዳው ሰው ትርጉሙን ጮክ ብሎ ያነባል። ካነበበ በኋላ ሁሉም ዝም ይላል። ዋናው አዘጋጅ፣ «አለቃ» የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ዓይናቸውን በጠረጴዛው ዙሪያ ያዞራሉ፤ የሚናገር ከሌለ በእርሳሳቸው ጠረጴዛውን መታ ያደርጉና «አለፈ» ይላሉ። ያለፈ ቃል አይመለስም። ሕግ ሆኖ የተጻፈ ነገር አይደለም፤ የሚመልስ ሰው ስላልነበረ ብቻ ነው። እሷ እዚህ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ፀጉሯ ጥቁር ነበር፤ አሁን ሽበቷን መደበቅ ትታለች። በዚህ ሁሉ ዘመን ከፊቷ ያለፈው ቃል ሁሉ ያለፈው ከነዝምታዋ ነው። ባልደረቦቿ «በሷ በኩልማ ሞትም ቢነበብ ያልፋል» እያሉ ይቀልዳሉ። ክፋት የለበትም፤ ይወዷታል። ዝምተኛ ሰው ማን ይጠላል።

ያን ቀን ፈቃዱን ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት አለቃ «ደረስሽ? በይ ጀምሪ፣ ያንቺ ነው» አሏት። ከ«ቆጠረ» ቀጥሎ «ቆጠበ» ነበር፤ ከነዘሩ ለሷ የተሰጠ። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ግሱን አነበበች፤ አለፈ። ቁጠባን አነበበች፤ አለፈ። ከዚያም «ቁጥብ፦ ያለውን ሁሉ በአንዴ የማያወጣ፤ በአነጋገሩም ሆነ በአኗኗሩ መጠን የሚያውቅ። ንግግረ ቁጥብ፦ ብዙ ሊባልበት የሚችለውን ነገር በጥቂት ቃል የሚጨርስ» ብላ አነበበች። ክፍሉ ዝም አለ። አለቃ እርሳሳቸውን ሲያነሱ «ቆፋሪው» የሚሉት ባልደረባዋ እጁን አወጣ። ቆፋሪው ያሉት ማንኛውም ቃል ከነሥሩ ካልተነቀለ እንቅልፍ ስለማይወስደው ነው። «ጥሩ ነው፤ መጨረሻው ላይ ግን ‹ዝምተኛ› የምትል ጨምሩበት። ሥሩም ያው መያዝ፣ ማስቀረት ነው። አንባቢ ቶሎ ይገባዋል» አለ። አለቃ «ምሳሌስ?» ሲሉ ጸሐፊዋ ከኮምፒውተሩ ኋላ «እህታችን ንግግረ ቁጥብ ናት» አለችና ሁሉም ሳቁ። ዓይኖች ወደሷ ዞሩ። ፈገግ አለች። ልክ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር፤ ጽሑፉን ስታሰናዳ ይህችኑ «ዝምተኛ» ሦስት ጊዜ ጽፋ ሦስት ጊዜ ሰርዛታለች። እርሳሱ ጠረጴዛውን መታ። «አለፈ» አሉ አለቃ።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ፈቃዱን ጠየቀች። አለቃ ለምን እንኳ ሳይሏት «ሂጂ ልጄ፣ ደግሞ አንቺ መቼ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ» አሉ። ደረጃውን ጀመረች። ሁለት ፎቅ ያህል ከወረደች በኋላ እግሯ ዘገየ። ስለ እናቷ እያሰበች ነው ብላ ራሷን ልታሳምን ሞከረች፤ ያሰበችው ግን ስለ «ዝምተኛ» ነበር። ያቺ ቃል የገባችበት ቦታ እንደ አሸዋ ይቆረቁራታል። ቁጥብ ሰው የሚቆጥበው ነገር ያለው ሰው ነው፤ ዝምተኛውስ ምን እንዳለው ማን ያውቃል? ሊኖረው ይችላል፣ ላይኖረው ይችላል፣ ኖሮት ፈርቶ ይሆናል። ሁለቱን አንድ ላይ ማሰር ያለውንና የሌለውን በአንድ ገመድ መጎተት ነው። መጽሐፉ ታትሞ፣ ልጆች ቃሉን ሲፈልጉ፣ ፈሪን ሁሉ ቁጥብ ሲሉ ታያት። ሰዓቷን አየች። ትንሽ ጊዜ አለ ብላ አሰበች፤ ሰው ራሱን ሲያታልል ሁልጊዜ ትንሽ ጊዜ አለ። ከዚያም ደረጃውን መልሳ ወጣች።

«ያለፈ ቃል ይመለስልኝ» አለች በሩ ላይ ቆማ።

ሳንድዊቹን የሚያኝከው ቆፋሪው ማኘኩን አቆመ። አለቃ መነጽራቸውን አወረዱ። «የትኛው?» አሉ። «ቁጥብ» አለች። ከዚያ በኋላ ያለው ለሷ ለራሷም እንግዳ ነበር። ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን መሬት አኖረች፤ ተናገረች። ቆፋሪው «ተቆጠበ ሲባል እኮ ተወ ማለት ነው፤ ዝምተኛም መናገር የተወ ነው» ቢላት፣ «ሊያደርገው ሲችል ተወ ማለት ነው። አጥሩ ከፍ ብሎበት ያልዘለለ ሰው ከመዝለል ተቆጠበ አይባልም» አለችው። አሮጌ መዝገበ ቃላት ከመደርደሪያ ወረዱ፤ አቧራቸው ተራገፈ፤ ገጾች ተገለጡ። እሱ ከሥሩ ይቆፍራል፤ እሷ ከሰው አፍ ታመጣለች። «ጎተራው ባዶ የሆነ ገበሬ እህሉን ቆጠበ ይባላል?» አለች። «የታመመ፣ የተቆጣ፣ የፈራ፣ ማን ይሰማኛል ብሎ ተስፋ የቆረጠ፣ እነዚህ ሁሉ ዝም ይላሉ። አንዳቸውም ቁጥብ አይደሉም።» ድምፅዋ ከፍ ብሎ ነበር፤ ከሌላ ክፍል የመጡ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ያዳምጣሉ። ጸሐፊዋ መጻፏን ትታ አገጯን በእጇ ደግፋ ታያታለች። ቆፋሪው በቀላሉ የሚረታ ሰው አልነበረም፤ አንዱን በር ስትዘጋበት በሌላው ይመጣል፤ እሷም ተከትላው ትሄዳለች። በመጨረሻ አለቃ ቀይ እስክሪብቶ አንስተው «ዝምተኛ» የምትለዋን ቃል ሰረዟት። ቆፋሪው እጁን ዘርግቶ ጨበጣትና «አንቺ፣ ዛሬ አፍ አወጣሽ እኮ» አለ ከልቡ። ደስ አላት። በእውነት ደስ አላት፤ ፊቷ ሞቀ። ቀና ስትል በማይከፈተው መስኮት በኩል የገባው ብርሃን ግድግዳው ላይ ቢጫ ሆኗል።

የእናቷን ነገር ረስታው ነበር ማለት አይቻልም። ስትከራከር ሁሉ ከጀርባዋ ቆሞ ይጠብቃት ነበር፤ ታውቅ ነበር። ነገር ግን ለቃል መሟገት ለእናት ከመሟገት ይቀላል። ቃል አያኮርፍም፣ ነገ ጠዋት ኮሪደር ላይ አያጋጥምም፣ «አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ» አይልም። ያላትን ወኔ ሁሉ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አውጥታ ጨርሳው አውቶቡስ ተሳፈረች። መንገዱ ተጨናንቆ ነበር። በመስኮቱ ሱቆች አንድ በአንድ መብራታቸውን ሲያበሩ ታያለች፤ መኪናው አስር እርምጃ ሄዶ ይቆማል፤ እሷም አልተቻኮለችም። መድረሻዋን ቀድማ ታውቀዋለች።

ቤት ስትደርስ ኮሪደሩ ላይ ትልቅ መስታወት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ስትገባ መጀመሪያ ያገኘችው የራሷን ፊት ነው። የመንገድ ዳሩ ክፍል በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አልጋው የለም፤ አልጋው የነበረበት ቦታ ወለሉ ከሌላው የበለጠ ንጹሕ ነው። የሚሽከረከር ወንበር መሃሉ ላይ ተተክሏል። ፀጉር አስተካካዩ፣ ቀጭን፣ ትሑት ሰው፣ የመስኮቱን መስታወት በጋዜጣ እያሸ ነበር። ሲያያት እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ጎንበስ አለ። «እንደምን አመሹ እትዬ። እግዜር ይስጥልኝ፤ እርስዎም ደስ ብሎዎት መፍቀድዎን ወንድምዎ ነግረውኛል» አለ። የእናቷ ወንበር ግድግዳ ጥግ ካሉት ከሌሎች ወንበሮች ጋር ተሰልፏል። «ዕቃ ቤቱ ስለማይበቃው ወረፋ ለሚጠብቁ ይሁንህ ብለውኝ ነው» አለ ዓይኗን አይቶ።

ወንድሟን ጓሮ አገኘችው። ሲያጓጉዝ ውሎ ሸሚዙ በላብ ረጥቧል፤ ከቧንቧው ጎንበስ ብሎ ፊቱን ይታጠባል።

«አይሆንም» አለችው።

«ምኑ?»

«እማ ከክፍሏ መውጣቷ።»

ቀና ብሎ አያት። አልተቆጣም፤ የገረመው ነው የሚመስለው። ውሃው ከቅንድቡ ይንጠባጠባል። «እትዬ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ እኮ። እሑድ ዕለት አፍሽን ማን ያዘው?» አለ። መልስ ጠበቀ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ አድርጎ ጠበቀ፤ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ወገቡን ይዞ። «ሰውየው ዕቃውን አውርዷል። አሁን ምን ልበለው? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል» አለ። እሱ ዘንድ ግን የጠፋችው የወለደችው ናት። ይህ መልስ ለእህትየው የመጣላት ብዙ ቆይቶ ነው፤ ያን ሰዓት «መስኮት የላትም» ብቻ አለች። «የአየር ቀዳዳ ከፍቼላታለሁ። ደግሞ ደስ ብሏት ነው የሄደችው፤ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ካላመንሽኝ ራሷን ጠይቂያት» አለና ሚስቱ ለእራት ስትጠራው ገባ።

ዕቃ ቤቱ የአዲስ ቀለምና የአሮጌ ጆንያ ሽታ ይሸታል። አልጋው ከሦስቱ ግድግዳ ጋር ገጥሞ ሰው የሚቆምበት ትንሽ ቦታ ነው የቀረው። ከጣራው ሥር የእጅ መዳፍ የምታክል ቀዳዳ አለች፤ በዚያ የሚታየው የጎረቤት ግንብ ነው። እናቷ ነጠላ ብርድ ልብስ ደርባ አልጋው ላይ ተቀምጣለች፤ እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው፤ ሰው ቢሮ ተራ ሲጠብቅ እንደሚቀመጠው። ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ከግድግዳው ማዶ ውሃ ታንከር ውስጥ ሲሞላ ይሰማል።

«እማ፣ ለምን አልፈልግም አላልሽውም?»

«እሑድ እሱ ሲናገር አንቺን አየሁሽ» አለች እናቷ። «ቀና ትላለች ብዬ። አንቺ ክር ትነቅያለሽ። ካንቺ ጋር ቀድሞ የመከረበት ነገር መሰለኝ። ሁለት ልጆቼ የተስማሙበትን እኔ ምን ብዬ ላፍርሰው?»

«አልመከረኝም። ዛሬ ጠዋት ነው በስልክ ሲያወራ የሰማሁት።»

«ጠዋት በሬ ላይ ስትቆሚ ሰምተሽ ነበር?»

«አዎ።»

እናቷ ራሷን ነቀነቀች፤ ወቀሳ አልነበረውም። ልጅቷ ግን ወቀሳውን ራሷ ሰማችው፤ መላ ሰውነቷ ላይ ቀኑን ሙሉ ደንዝዞ የነበረው ነገር አንዲት ቦታ ላይ መውጋት ጀመረ። «ቀደም ብዬ ልመጣ ነበር። ፈቃድም ጠይቄ ነበር» አለች። «ምን ያዘሽ ታዲያ?» አለች እናቷ። ነገረቻት። መጀመሪያ እየቆጠበች፣ ቀጥሎ ሳትቆጥብ ነገረቻት። ስለ አለቃና ስለ እርሳሳቸው፣ ያለፈ ቃል እንደማይመለስ፣ እሷ ደረጃውን መልሳ ወጥታ እንዳስመለሰችው፣ ቆፋሪው በምን እንደመጣባትና በምን እንደመለሰችው፣ ስለ ጎተራውና ስለ ገበሬው፣ ፈሪና ቁጥብ አንድ እንዳልሆኑ፣ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው እንዳዳመጧት። ምክንያት ልታቀርብ ነበር የጀመረችው፤ እየተናገረች ስትሄድ ግን ድምፅዋ ሞቀ፤ እጇም ይንቀሳቀስ ጀመር። ለእናቷ ይህን ያህል ተናግራ አታውቅም። እናቷ አንዴም ሳታቋርጣት፣ ዓይኗን ከአፏ ሳትነቅል እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት።

«ይኼን ሁሉ እዚያ ሰው ፊት ተናገርሽው?» አለች።

«አዎ።»

«ጮክ ብለሽ?»

«ጮክ ብዬ።»

እናቷ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበችና ቀስ ብላ ጋደም አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

«ለካስ ትችያለሽ» አለች።